አሥር ደቂቃ ያለው ሰው

መርሻ ከጠረጴዛው ሥር በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ የኔትወርኩን ገመድ ነቀለ፤ ጫፉን በመሐረቡ ጠርጎ መልሶ ሰካው። ገመዱ ጤነኛ እንደሆነ ያውቃል። ቢሆንም በዚህ ክፍል ለሚሠራ ሰው ከገመድ የጠለቀ ምክንያት ማስረዳት ከንቱ ድካም ነው ብሎ ካመነ ቆይቷል፤ ነቅሎ መስካት ግን ማንም አይቶ የሚረካበት ሥራ ነው።

«ገመዱንማ ዘላለም ትናንት ሦስት ጊዜ ነቅሎ ሰክቶታል» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ ከራሱ በላይ ቆመው።

«ዘላለም ገመድ እንዲነቅል አልተቀጠረም።»

«እርስዎ ታዲያ ከፎቅ አይወርዱ! ሦስት ደብዳቤ ጻፍን እኮ።»

«ሦስቱንም አንብቤአለሁ። ሦስቱም ‹ሲስተሙ ያባርረናል› ይላሉ። ሲስተም ሰው አያባርርም፣ ወይዘሮ ፈንታነሽ። ሲስተም ዘበኛ አይደለም።»

በወዲያኛው ጠረጴዛ ኪቦርዱን ያለ ዕረፍት የሚቀጠቅጠው ዘላለም ሳቀ። መርሻ ተነሥቶ የሱሪውን ጉልበት አራገፈ እንጂ ወደ ሳቁ ዞር አላለም።

አርባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የመሬት ይዞታ ምዝገባ ጽሕፈት ቤቱ ብቸኛ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ባለሙያ፣ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ሁለተኛ ዲግሪውን በማዕረግ ይዞ የተመለሰ ሰው። ንቀቱ እንደ ሌላው ሰው ንቀት ጯሂ አልነበረም፤ እንደ ሸሚዙ የታጠበና የተተኮሰ ንቀት ነበር። ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ማንንም አንተ አይልም። ከአፉ የሚወጣው «እርስዎ» ግን በሌላ ሰው አፍ ካለ ስድብ ይልቅ ይከብዳል። የሥራ ኃላፊውን የሚንቀው የባንክ ሒሳባቸውን ፓስዎርድ በጠረጴዛ መስታወት ሥር በወረቀት ስላስቀመጡ ነው፤ ዘላለምን የሚንቀው በፍጥነት የሚጽፈው ሁሉ በስሕተት የተሞላ ስለሆነ ነው። ወይዘሮ ፈንታነሽን የሚንቀው ደግሞ በሁለት ጣት ብቻ ስለሚጽፉ ነው።

በክፍሉ ያሉት ሁለት ኮምፒውተሮች በራሳቸው የሚያውቁት ነገር የለም። ሠራተኛው ፓስዎርዱን መትቶ በሪሞት ሲገናኝ በስክሪኑ ላይ የሚያየው ከብዙ ኪሎ ሜትር ማዶ በማዕከሉ የተቀመጠውን ሰርቨር ነው። የአርሶ አደሩ ይዞታ፣ የማሳው ወሰን፣ የምስክሩ ቃል ሁሉ የሚመዘገበው እዚያ ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ወይዘሮ ፈንታነሽ በሥራቸው መካከል ሳሉ ስክሪኑ ይጠቁራል፤ ፓስዎርዳቸውን መትተው ሲመለሱ የከፈቱት ቅጽ ባዶ ነው።

ቅጹ ባዶ መሆኑ ብቻ ቢሆን መልሶ መሙላት ይቻል ነበር። ችግሩ ቅጹን የሚከፍተው የምስክሩ የጣት አሻራ መሆኑ ነው፤ ማጭበርበርን ለመከላከል ሲባል አንድ ምስክር በአንድ ጉዳይ ጣቱን የሚያሳርፈው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቅጹ ከጠፋ ቀኑ ጠፋ ማለት ነው። ዛሬ ደግሞ አርብ ነው፤ ክርክር ያለባቸው ማሳዎች መዝገብ በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል።

በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ከጠዋት ጀምራ የተቀመጠችው ብዙነሽ ይህን ከማንም ይልቅ ታውቃለች። ከጉና ግርጌ የመጣች ባሏ የሞተባት ሴት ናት። የባሏ ወንድም የገብስ ማሳዋን እኩሌታ «የእኔ ነው» ብሎ አርሶታል። በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ሽግሽግ ጊዜ የመለኪያው ገመድ የት ላይ እንደተጣለ ያዩ፣ እስካሁንም በሕይወት ያሉ አንድ ምስክር ብቻ አሏት፤ መሪጌታ ሙላቴ። ሰኞ መጥተው መሰከሩ፤ ጠፋ። ረቡዕ መጥተው መሰከሩ፤ ያም ጠፋ። ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ ለምና፣ ባጃጅ ልካ፣ እየጠበቀቻቸው ነው።

አንገቷን ብቅ አደረገች። «ጌታዬ፣ ዛሬስ ይሠራ ይሆን?»

«እዚያው ይጠብቁ» አላት መርሻ።

ሥራውን በሥርዓት ጀመረ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ሳይነካ ሲቆይ ራሱን የሚቆልፍበትን ማዘዣ አጠፋና ከሰርቨሩ ተገናኝቶ፣ እጁን አጣጥፎ፣ ዓይኑን በሰዓቱ ላይ ተክሎ ተቀመጠ። በአሥረኛው ደቂቃ ስክሪኑ ጠቆረ። ቀጥሎ መስመሩ ይቆራረጥ እንደሆነ የሚቆጥር ትእዛዝ ከጎን ከፍቶ ዳግመኛ ጠበቀ። አንድም መቆራረጥ አልታየም፤ በአሥረኛው ደቂቃ ግን ስክሪኑ ጠቆረ። መርሻ ከጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለው። ብልሽት ሰዓት አያከብርም። ሰዓት የሚያከብር ነገር ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዝ ካለም ያዘዘ አላዋቂ አለ።

ያን አላዋቂ በስሙ ለመጥራት ተዘጋጅቶ ወደ ማዕከሉ ደወለ። ያነሣችው የሰርቨሩ ኃላፊ ሊድያ ነበረች።

«ልክ ነዎት፣ አቶ መርሻ፤ ብልሽት አይደለም» አለችው። «አንድ ሠራተኛ አሥር ደቂቃ ምንም ሳይነካ ከቆየ ሰርቨሩ ግንኙነቱን ይዘጋል፤ ያልተቀመጠ ቅጽም ይሰረዛል። ከሦስት ወር ወዲህ ለእያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት ራሱ ሞልቶ በላከው ቅጽ መሠረት ነው የምንሠራው።»

«አሥር ደቂቃ ብሎ የወሰነው ማን እንደሆነ ማወቅ እችላለሁ?»

«ይጠብቁኝ ላውጣው።» የወረቀት ድምፅ ተሰማ። «ይኸው። ‹ሠራተኛው ምንም ሳይነካ ሊቆይ የሚችልበት ረጅሙ ጊዜ› ለሚለው፣ ‹አሥር ደቂቃ›። ሥሩ ላይ ማስታወሻ አለው፤ ‹ከዚህ በላይ እጁን የሰበሰበ ሠራተኛ በሥራ ላይ እንዳለ አይቆጠርም›። ቆንጆ አማርኛ ነው። ፊርማው የእርስዎ ነው።»

መርሻ ፊርማውን የጣለበት ቀን ትዝ አለው። ያን ቅጽ የሞላው አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሠራተኛው ሁሉ ስክሪን ከፍቶ ወሬ ሲያወራ አይቶ በተመለሰበት ሰዓት ነበር። ሌሎቹ ጽሕፈት ቤቶች ሠላሳ ደቂቃ፣ አንድ ሰዓት ብለው እንደሚሞሉ ያውቅ ነበር፤ አሥር ብሎ ሲጽፍ ደስ ያለውም ስለዚሁ ነው።

«ዛሬውኑ ወደ ሠላሳ ይቀየርልኝ።»

«በስልክ አይሆንም። ምክንያቱን ገልጸው በፊርማዎ ይላኩ፤ ማክሰኞ ኮሚቴው ያየዋል። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርዎ? በሦስት ወር ውስጥ ከእናንተ ዘንድ አርባ ሁለት ጊዜ ተዘግቷል። አርባው የአንድ ሠራተኛ ነው።»

«ወይዘሮ ፈንታነሽ።»

«አዎ።»

ስልኩን ሲዘጋ ያፈረ አይመስልም ነበር፤ እንዲያውም ፍርዱ የጸናለት ዳኛ ይመስል ነበር። አርባ ጊዜ! አርባ ጊዜ አሥር ደቂቃ ሙሉ እጃቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል። ወጥመዱን ያጠመደው እሱ ከሆነ፣ የተያዘውም መያዝ የሚገባው ነበር።

የሥራ ኃላፊው አቶ በላይነህ ዘንድ ገብቶ ይህንኑ አስረዳ። አቶ በላይነህ ስለ ኮምፒውተር ሲነገራቸው በማያውቁት ቋንቋ እንደሚቀደስላቸው ሰው ዓይናቸውን ከደን አድርገው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«ባጭሩ ኔትወርክ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«ኔትወርክ አይደለም። ሠራተኛዋ ሥራ አይሠሩም።»

«እ! እንዲህ በለኛ።» ዓይናቸው ተከፈተ። «በል በጽሑፍ አድርገህ ስጠኝ፤ ወደ መዝገብ ቤት አወርዳታለሁ። ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ከበላይ እንግዶች ይመጡብኛል፤ ‹ችግሩ ተለይቷል› ብዬ ማሳየት አለብኝ። ያቺ ሴትዮስ፣ በር ላይ የምትንከራተተው?»

«ምስክሯ እየመጡ ነው።»

«ለዘላለም ስጣት። እሱ በአምስት ደቂቃ ይጨርሳል።»

መርሻ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር። መሪጌታ ሙላቴ ደርሰዋል። ነጭ ጥምጥማቸው ከባጃጁ አቧራ ዳለቻ መስሏል፤ ከወይዘሮ ፈንታነሽ ጠረጴዛ ፊት በመቋሚያቸው ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ስድሳውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ ድጓ፣ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ወይዘሮ ፈንታነሽ የአሻራ መቀበያዋን ትንሽ ሣጥን ወደ እሳቸው አስጠግተዋል፤ ሽማግሌው ግን አውራ ጣታቸውን በጋቢያቸው ውስጥ ደብቀዋል።

«አላሳርፍም» ይላሉ። «ሁለት ጊዜ በእግዚአብሔር ፊት መሰከርሁ። ሁለቱንም የጠራረገው ማን እንደሆነ ሳይነገረኝ ሦስተኛ አልምልም። በአንድ ነገር ሦስት ጊዜ የሚምል ውሸታም ነው።»

«ሲስተሙ ነው፣ የኔታ» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ ልምምጥ እያሉ።

«ሲስተሙን ተይው። ወፍጮ ራሱን አያስነሣም።»

ብዙነሽ ከግድግዳው ሥር ቆማ ነጠላዋን በእጇ ትጠመዝዛለች። «የኔታ፣ ስለ እመብርሃን ይበሉ… ሰዓቱ እየሄደብኝ ነው።»

መርሻ ነገሩን ለማሳጠር ወደ ፊት ራመድ አለ። «ጉዳዩ ቀላል ነው፣ አባት። መሣሪያው ሠራተኛዋ አሥር ደቂቃ ምንም ካልነኩ ሰው የለም ብሎ ይዘጋል። የእርስዎ ቃል የጠፋው ወይዘሮ ፈንታነሽ ሥራቸውን ትተው ስለተቀመጡ ነው።»

ዘላለም እንኳ መቀጥቀጡን አቆመ። የወይዘሮ ፈንታነሽ ፊት መጀመሪያ ቀላ፤ ከዚያ ዐመድ መሰለ።

«እንዴት ነው የተቀመጠችው?» አሉ መሪጌታ።

«ይቅርታ?»

«እጇ የት ነበር? እኔ ልንገርህ፣ እዚህ ነበርሁና። እዚህ ነበር።» ሁለት እጃቸውን በደረታቸው ላይ አመሳቀሉ። «ጣቴን አሳረፍሁ፤ ልናገር ስጀምር እጇን እንዲህ አድርጋ ዓይን ዓይኔን እያየች ሰማችኝ። እኔ ባጭር ተናግሬ አላውቅም። ሥራውን የተወ ሰው እንዲህ ነው የሚቀመጠው?»

«እየሰሙ ሳለ ጣታቸውን አልፎ አልፎ ቢያንቀሳቅሱ ኖሮ…»

«ጣቷን ብታንቀሳቅስ እኔ ዝም እል ነበር። እኔ ስናገር ሌላ ነገር የሚነካካ ተማሪ ከጉባኤዬ ወጥቶ ነው የሚነካካው።»

«ሁሉም እንዲሁ ናቸው፣ አቶ መርሻ» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ። ድምፃቸው የሚንቀጠቀጠው ከፍርሃት አልነበረም። «ከኪቦርዱ ላይ ዓይኔን ካላነሣሁ ሽማግሌ አይናገርልኝም። ከመናገራቸው በፊት አሻራ እቀበላለሁ፤ ‹መጀመሪያ ጣት፣ ከዚያ ቃል› ብለው ያሠለጠኑኝ እርስዎ ነዎት። ከዚያ ሰምቼ እጨርስና እጽፋለሁ። ሲጠፋብኝ ኔትወርክ ይመስለኝ ነበር። አሥር ደቂቃ የሚባል ነገር እንዳለ ማን ነገረኝ?»

«ዘላለም ዘንድ ግን እምብዛም አይጠፋም» አለ መርሻ፤ ማስረጃውን እንደሚያቀርብ ሰው።

ይህን ጊዜ ብዙነሽ፣ ከጠዋት ጀምሮ እየለመነች የዋለችው ሴት፣ አልለመነችም። «እሱ ምን ሰምቶ ይጥፋበት?» አለች። «መጀመሪያ የገባሁት እሱ ዘንድ እኮ ነው። ፊቴን ሳያይ ‹ምሥራቅ ማን፣ ምዕራብ ማን፣ አጭር አድርጉት› አለኝ። የባሌን ስም እንኳ አሳስቶ ነው የጻፈው። የሞተውን ሳይሆን የሚያርስብኝን ወንድሙን ስም!»

ዘላለም ዓይኑን ወደ ኪቦርዱ መለሰ።

መርሻ ቆሞ ቀረ። አርባ ሁለት መዘጋት፤ አርባው የአንድ ሠራተኛ። ቁጥሩ ትክክል ነበር። ያ ቁጥር የቆጠረው ግን ማን እንደማይሠራ አልነበረም፤ በዚህ ሕንፃ ውስጥ ማን ሰው እንደሚሰማ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ሰርቨሩ አንዲትን ሴት እየመረጠ የቀጣው በዚሁ ጥፋቷ ነው። ይህን ለማየት ሁለተኛ ዲግሪ አላስፈለገም፤ ሽማግሌው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አመሳቅለው አሳዩት። በሰዎች ላይ ሲያፈሰው የኖረው ንቀት ቦታ እንዳጣ ውሃ ተመልሶ ወደ እሱ ሲመጣ ተሰማው፤ የሚገርመው ነገር ጣዕሙን ያውቀው ነበር፤ ሌላውን ሲያጠጣው የኖረው ያንኑ ነበርና።

«ለመሆኑ» አሉ መሪጌታ መቋሚያቸውን በሲሚንቶው ላይ እያንኳኩ፣ «አሥር ደቂቃ ያለው ማን ነው?»

ወይዘሮ ፈንታነሽ ወደ መርሻ አዩ። አያውቁም። «ማዕከሉ» ቢል የሚጠይቀው አልነበረም፤ ማዕከሉ ሩቅ ነው፣ ስምም ፊትም የለውም፤ ሽማግሌውም ምናልባት ረግመውት ጣታቸውን ያሳርፉ ነበር። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ።

ዘላለም ወንበሩን አዞረ። መሪጌታ ግን የተደነቁ አልመሰሉም። ከጫማው እስከ ክራቫቱ ቀስ ብለው ተመለከቱት፤ ገበያ ላይ ያረጀች በቅሎ ጥርስ እንደሚያይ ሰው።

«ተምረሃል?»

«ተምሬአለሁ።»

«መምህርህ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይናገርም ነበር?»

መርሻ ክራቫቱን አስተካከለ።

«ወይስ አንተ አልሰማኸውም? በል ወንበር ሳብ። እዚህ፣ ፊት ለፊቴ። ሁለት ጊዜ ያጠፋኸውን ሦስተኛውን አንተ ነህ የምትሰማው። እሷ የፈለገችውን ትንካ፤ እንደፈለገች ትጻፍ። እኔ የምናገረው ለአንተ ነው።»

ወይዘሮ ፈንታነሽ ሣጥኑን አስጠጉ። መሪጌታ በስመ አብ ብለው አውራ ጣታቸውን ከጋቢያቸው አውጥተው አሳረፉ። ቅጹ ተከፈተ። ስምንት ሰዓት ከአርባ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ሌላ ጣት፣ ሌላ ቀን የለም።

መርሻ እጁን የሚያኖርበት ቦታ አጣ። በመጨረሻ ጉልበቱ ላይ አኖረው።

ሽማግሌው የጀመሩት ከመሬቱ አልነበረም። የጀመሩት ከአንዲት በቅሎ ነው። የቀያሹ በቅሎ ነበረች፤ ግራጫ፣ ክፉ። ስለ ባሕርይዋ፣ ከማን እንደተገዛች፣ የዚያን ዓመት ግንቦት ዝናብ እንዴት ቀድሞ እንደገባ ተናገሩ። «ወደ ፍሬ ነገሩ» የሚለው ሐረግ በመርሻ ጉሮሮ ውስጥ ሦስት ጊዜ ወጥቶ ወረደ። ከበስተ ኋላው የሁለት ጣት ድምፅ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ይሰማል።

«… ገመዱ እንደተወጠረ በቅሎዋ ደነገጠችና ማሳውን በሚያቋርጠው ፈፋ ውስጥ ገባች። የገመዱን አንድ ጫፍ የያዝሁ እኔ ነኝ። ቀያሹ በቅሎውን ሊያወጣ ሮጠ፤ ገመዱም በተጣለበት፣ በፈፋው አፍ፣ ቀረ። ‹እዚያው ይሁን፤ ወሰኑ ፈፋው ነው› ተባለ። የዚች ልጅ ባል ድርሻ እስከ ፈፋው ነው። ከፈፋው ወዲያ ነው የወንድሙ።»

መርሻ ቀና አለ። በቅሎዋ ፍሬ ነገሩ ነበረች። ዘላለም ቢሆን ኖሮ በቅሎዋ ገና ስትነሣ ያስቆማቸው ነበር፤ እሱም ቢሆን እንዲሁ። ብዙነሽ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ትሰማለች። የስክሪኑ ብርሃን አልጠፋም።

«የገመዱን ሌላኛ ጫፍ የያዘው ደግሞ…» አሉ መሪጌታ፤ አሉና ቆሙ።

ስሙ ጠፋባቸው። ዓይናቸውን ከደኑ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። ገመዱን የያዘው የሁለተኛው ሰው ስም ካልተጠራ ምስክርነቱ ግማሽ እንደሆነ በክፍሉ ያለ ሁሉ ያውቃል። ጸጥታው ረዘመ። መርሻ ዓይኑ ወደ እጅ ሰዓቱ ሊወርድ ሲል በሽማግሌው ፊት ላይ አስቀረው።

በሩ በኃይል ተከፈተ። አቶ በላይነህ ነበሩ፤ ከበስተ ኋላቸው ክራቫት ያሰሩ ሁለት እንግዶች ቆመዋል። አንዲት ሴት ማውሱን በጣቷ እየነካካች፣ አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ተማሪ ተቀምጦ አዩ።

«ምነው?» አሉ አቶ በላይነህ። «ኔትወርኩ ሄደ እንዴ? ምን ዝም ብላችሁ ተቀምጣችኋል? መርሻ፣ ያ ሪፖርትስ? እንግዶቹ…»

መርሻ ዓይኑን ከመሪጌታ ላይ አላነሣም።

«በሩን ይዝጉልን፣ አቶ በላይነህ» አለ። «ምስክሩ እየተናገሩ ነው።»